ስሙ የወደቀ ጠርሙስ

ሁለት የተማሩ ሰዎች ሲኳረፉ አይታችሁ እንደሆነ አላውቅም። ያልተማረው ሲጣላ ይሰዳደባል፣ ድንጋይ ያነሳል፣ ሽማግሌ ይገባል፣ ጉንጭ ለጉንጭ ይሳሳማል፣ ነገሩ እዚያው ያልቃል። የተማረው ግን ኩርፊያውን እንደ ምርምር ይይዘዋል፤ ይከታተለዋል፣ ማስረጃ ይሰበስብለታል፣ እየቀለበ ያሳድገዋል። ሰመራ ውስጥ፣ ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ ባለ አንድ ላቦራቶሪ፣ ታጁና ሠርካዲስ የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ዓመት የዘለለ ኩርፊያ ነበራቸው። አንድ ክፍል፣ አንድ ፍሪጅ፣ አንድ የዕቃ ማጠቢያ ይጋራሉ፤ ሰላምታ ግን አይጋሩም።

መነሻው አንዲት ቃል ናት። ሠርካዲስ የዶክትሬት ሥራዋን ዕቅድ ለባልደረቦቿ ስታቀርብ፣ ከግመል ደም ውስጥ ነጭ ሕዋሶችን እየለየች እንዴት እንደምትሠራ አስረዳች። ታጁ እንደ ቀልድ አደረገና፣ «ይሄ እኮ የጥጥ ለቀማ ነው» አለ። ሥራው እጅ ያደርቃል፣ ዕድሜ ይበላል ማለቱ ነበር። ቢሆንም የሠርካዲስ አባት ከደጋ ወርዶ አዋሽ ዳር ባለ የጥጥ እርሻ ላይ ለቃሚ ሆኖ የኖረ፣ እዚያው በወባ የሞተ ሰው እንደሆነ ታጁ ያውቃል። ራሷ ናት የነገረችው፣ በወዳጅነታቸው ጊዜ፣ ሰው በሌለበት። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ታጁ ቃሏ ገና ከአፉ ስትወጣ ጥፋቱ ታውቆታል። እሷ ግን ፊቷ ተለዋውጦ ምን አልክ ብላ ስትጠይቀው፣ ያ ሁሉ ሰው እያየው አንገት መድፋት ሞት መሰለውና ያልኩትን ብያለሁ አላት። እሷም ወረቀቷን ሰብስባ ተነሳች። ከእንግዲህ የዚህን ሰው ድምፅ ጆሮዬ አይሰማም ብላ በአባቷ አጥንት ማለች።

ከዚያ ወዲያ የምታነጋግራቸው የላቦራቶሪው ቴክኒሺያን ኑራ ነበረች። ኑራ የአሳይታ ልጅ ናት፤ ከሁለቱም በዕድሜ ትበልጣለች፣ ልጆች አሳድጋለች፣ ለሰው ፊት ብላ የምታለሰልሰው ነገር የላትም። ሠርካዲስ፣ እትዬ ኑራ፣ ለዚያ ወተት አላቢ መሣሪያውን ሲጨርስ እንዲያጠፋው ንገሪልኝ ትላለች፣ ወተት አላቢ የተባለው ሰው ክንድ በማይሞላ ርቀት ቆሞ እየሰማ። ታጁም፣ ካጠፋሁት መቆየቴን ንገሪያት ይላል። ኑራ ወደ አንዷ ዞራ፣ ወደ ሌላው ዞራ፣ በገዛ ጆሯቸው የሰሙትን ደግማ ታሰማቸዋለች። ሲመርራት፣ እኔን የስልክ እንጨት አደረጋችሁኝ፣ ወላሂ አንድ ቀን ሽቦዬን በጥሼ እሄዳለሁ ትላቸው ነበር። ታጁን ብቻውን ስታገኘው ደግሞ፣ ከሦስት ቀን በላይ ተኳርፎ መቆየት በእኛ ሃይማኖት ነውር መሆኑን ረሳኸው ወይ ብላ ትቆጣዋለች። እሱም ያ በሙስሊምና በሙስሊም መካከል ነው ብሎ ያመልጣል። አስተግፊሩላህ ብላ ጥላው ትሄዳለች። ሰው እልህ ሲይዘው ከፈጣሪው ጋር እንኳ ጠበቃ ቆሞ ይከራከራል።

ሠርካዲስ የምታሳድደው ነገር በዓይን አይታይም እንጂ ለመናገር ከባድ አይደለም። በሕዋስ ውስጥ አንድ ፕሮቲን አለ፤ እሷ «መንገደኛው» ትለዋለች። ወትሮ የሚውለው የሕዋሱ እምብርት ከሆነው ከኒውክለሱ ውጭ፣ ደጅ ነው፤ እዚያ እያለ ለምንም አይፈይድም። ግመሏን የቀትር ሙቀት ሲያነድዳት አንድ ኢንዛይም ይመጣና ፎስፌት የምትባል ኢምንት ነገር ይለጥፍበታል። ያኔ የፕሮቲኑ ቅርጽ ይዞራል፤ ታጥፎ ተሸሽጎ የነበረው አድራሻው ይገለጣል፤ የኒውክለሱ በረኞች አንብበው ያስገቡታል። ከገባ በኋላ ከሙቀት የሚከላከሉትን ጂኖች ይቀሰቅሳል። ሲበርድ ሌላ ኢንዛይም ፎስፌቷን ይነቅልበትና ተመልሶ ይወጣል። ፕሮቲኑ ያው ፕሮቲን ነው፤ አልተጨመረበትም፣ አልተቀነሰበትም ማለት ይቻላል። ነገሩ የት እንዳለ ነው። ሠርካዲስ ይህ በግመል ሕዋስ ውስጥም እንደሚሆን ታምናለች፤ የቀራት ማሳየት ብቻ ነበር።

ይህን ሁሉ ለታጁ ያስረዳችው ከመኳረፋቸው በፊት፣ አዋሽ ኬላ ላይ ነው። ሚኒባሳቸው ፍተሻ እየጠበቀ ቆሞ፣ ፊት ለፊታቸው ሁለት አይሱዙ ተሰልፈው ነበር፤ አንድ ዓይነት መኪና፣ ሁለቱም ሽንኩርት የጫኑ። አንዱ መስታወቱ ላይ ወረቀት ተለጥፎበት ነበርና አለፈ፤ ሌላው ፀሐይ ላይ ቀረ። ሠርካዲስ በጣቷ እያሳየችው ያቺ ወረቀት ናት ፎስፌት አለችው። እሱ ስቆ ወረቀቷ ብትወድቅስ ሲላት፣ ብትወድቅማ ሽንኩርቱ እዚሁ ይበሰብሳላ አለች። ያን ቀን እስከ ሰመራ ድረስ ሲሳሳቁ ነው የመጡት። ታጁ ይህን ማስታወስ አይወድም፤ ግን ያስታውሰዋል።

ዘንድሮ ሙቀቱ ሳይበርድ ሠርካዲስ ብቻዋን አዋሽ ወርዳ ሰነበተች። ከከተማው ወጣ ብሎ ግመሎቹን የሚያሰማራ ጣሃ የሚባል ሰው፣ እያጉረመረመም ቢሆን ግመሎቹን አስያዘላት። ደሙን በቀትር ቀዳች። በእንስሳት ክሊኒክ ጓዳ ውስጥ ሕዋሶቹን ለየች፣ ኒውክለሳቸውን ለብቻ፣ የውጩን ለብቻ አደረገች፣ ፎስፌት ነቃዩን ኢንዛይም የሚያስር መድኃኒት ጨመረችበት፤ አለዚያ ፎስፌቷ መንገድ ላይ ትራገፋለች። ከሆቴል በለመነችው በረዶ አሽጋ፣ ሳጥኑን ጭኗ ላይ ታቅፋ በሚኒባስ ተመለሰች። ረዳቱ ሳጥኑን ጣራ ላይ ልጫነው ሲላት ልታንቀው ምንም አልቀራት።

ከዚያ በላይ ውድ የነበረው ግን አንቲቦዲው ነው። ፎስፌት የተለጠፈበትን ፕሮቲን ብቻ አነፍንፎ የሚይዝ ፈሳሽ ነው፤ ከውጭ አገር ይመጣል፣ የውጭ ምንዛሪ ይጠየቅበታል፣ ለወራት ይለመናል። በትንሿ ብልቃጥ ውስጥ የቀረው ለአንድ ሙከራ የምትበቃ ጠብታ ናት። የሠርካዲስ የትምህርት ጊዜ ተራዝሞ ተራዝሞ አልቋል፤ በወሩ መጨረሻ የዚህን ሙከራ ውጤት የሚያሳይ ሥዕል ካላቀረበች ስሟ ከተማሪነት ይሰረዛል ተብላለች። ሌላ ብልቃጥ እስኪመጣ የሚጠብቃት የለም። ታጁ ይህን ሁሉ ያውቃል። ኑራ ነግራዋለች፤ ቢያንስ በዚህ ሰሞን መንገዷ ላይ አትቁምባት ብላ አስጠንቅቃዋለች።

የታጁ የራሱ ሥራ የግመል ወተት ነው። ካዜይን የሚባለውን የወተት ፕሮቲን እያወጣ ያጣራል፤ ተጣርቶ ሲያልቅ ወተት አይመስልም፣ የቀጠነ ሻይ የመሰለ ውሃ ነው። ክፍሉ ዓመቱን ሙሉ ወተት ወተት ስለሚሸት አፍንጫቸው ለምዶታል። ሠርካዲስ አዋሽ ሳለች ታጁ ክዳኑ አጥብቆ የሚገጥም ጠርሙስ ቸገረው። ፍሪጁን ሲከፍት «አልቡሚን» ተብሎ በማይለቅ ቀለም የተጻፈበት ጥሩ ጠርሙስ አገኘ፤ ኑራ ለሠርካዲስ ሙከራ ብላ በርዛ ያስቀመጠችው የደም ፕሮቲን ነው። ያለ አንዳች ይሉኝታ አልቡሚኑን ወደ አንድ ስም የለሽ ጠርሙስ ገለበጠና ከኋላ ሸጎጠው። በጥሩው ጠርሙስ የራሱን ካዜይን ሞላበት፣ ፕላስተር ቆርጦ «ካዜይን፣ ታጁ» ብሎ ጻፈና በቀድሞው ስም ላይ ለጠፈበት። ለእሷ ዕቃ የነበረው ክብር ይህን ያህል ነበር።

ሠርካዲስ የተመለሰች ዕለት ኑራ አሳይታ ለቅሶ ሄዳ ነበር። ታጁ ደወለላትና የጠርሙሱን ነገር ለዚያች ሴትዮ ንገሪልኝ አላት። ከኑራ በስተኋላ የለቀስተኛው ድምፅ ይሰማል።

«ታጁ፣ እኔ ለቅሶ ላይ ነኝ» አለችው ቀስ ብላ። «አፍ አለህ። ራስህ ንገራት።»

ስልኩን ዘጋችበት። ሽቦው ያን ዕለት ተበጠሰ።

ታጁ ግን ፕላስተሩ ላይ ተጽፏል፣ ታነበዋለች ብሎ ተወው። ማንበቡንስ ታነበው ነበር። ያን ሌሊት መብራት ጠፋ። መብራት ሲጠፋ ፍሪጁ ያልበዋል፣ ጠርሙሶቹ ሁሉ ውሃ ያዝላሉ፤ የሰመራ ሙቀት ደግሞ ለሙጫ አያዝንም። ጠዋት ታጁ ሲገባ ሠርካዲስ ቀድማው ጋዋኗን ለብሳ፣ ፀጉሯን በሻሽ አስራ ሥራ ላይ ነበረች፤ ከፍሪጁ በር እስከ ጠረጴዛዋ ድረስ የእርጥብ ጫማ ዱካ ወለሉ ላይ ይታያል። ሲያልፍ የጎሪጥ አየችው። እሱም ጥርሱን ነክሶ ወደ ቦታው ሄደ።

ከዚያ ነው ጠርሙሱን በእጇ ያየው። «አልቡሚን» የሚለው አሮጌው ጽሑፍ ፊት ለፊት ይነበባል። ፕላስተሩ የለም። ዓይኑ ፍለጋ ወረደና ወለሉ ላይ አጣው፤ ሠርካዲስ ወደ ማጠቢያው ስትራመድ ግን የቀኝ ጫማዋ ተረከዝ ሥር፣ እርጥብና የተጨማደደ፣ የራሱን የእጅ ጽሕፈት ይዞ ተለጥፎ አየው።

ምን ልታደርግ እንደሆነ ያውቃል። ፕሮቲኖቹን ትናንት ወረቀት ወደምትመስል ስስ ሽፋን አሻግራቸዋለች፤ በአንድ ረድፍ ከኒውክለስ የተገኘው፣ በሌላው ረድፍ ከውጭ የተገኘው። አሁን ባዶውን የሽፋኗን ቦታ ሁሉ በሌላ ፕሮቲን መሙላት አለባት፤ አለዚያ አንቲቦዲው ባገኘበት ይለጠፋል። ለሌላ ሙከራ ብዙ ሰው ለዚህ የዱቄት ወተት ነው የሚጠቀመው። ፎስፌት ለሚፈልግ ሰው ግን ወተት መርዝ ነው። ካዜይን ራሱ ከአናት እስከ እግሩ ፎስፌት የተሸከመ ፕሮቲን ነው፤ ያ አንቲቦዲ እሱን ሲያገኝ የተላከበትን ይረሳል፣ ሽፋኗን በሙሉ ይወራታል፣ ውስጥና ውጭ የሚባል ነገር አይለይም። ለዚህ ነው ሠርካዲስ ፎስፌት የሌለበትን አልቡሚን የሙጥኝ ያለችው። ካዜይንን ከታጁ በላይ የሚያውቅ ደግሞ በዚያ ከተማ አልነበረም።

ከጠርሙሱ ቀዳችና ሽፋኗ ላይ አፈሰሰችው። ሳህኗን በሚያወዛውዘው መሣሪያ ላይ አኖረች።

አንዲት ቃል ናት። ካዜይን። ሕፃን እንኳ ያደርሳታል። ታጁ አፉን ከፈተ፣ ምላሱም ተነሳ፤ ከዚያ ወተት አላቢ የሚለው ስድብ ትዝ አለው፣ ሰላም ብሎ ገብቶ ከግድግዳ በቀር የሚመልስለት ያጣበት ጠዋት ሁሉ ትዝ አለው። ደግሞም ገና ነው አለ በልቡ። ሽፋኗ በዚያ ውሃ ውስጥ አንድ ሰዓት ያህል ትቆያለች፤ አንቲቦዲው እስካልተጨመረ ታጥቦ እንደገና ይጀመራል፤ እውነተኛው አልቡሚንም ከኋላ አለ። የሚጠፋ ነገር የለም። ሰው ክፉ ነገር ሲሠራ ሁልጊዜ ገና ነው እያለ ነው የሚሠራው።

ወጥቶ አስፋልቱን ተሻገረ። ነፋሱ ከምድጃ የወጣ ይመስል ፊቱን ገረፈው። የወሎው ሰው አብራር ሻይ ቤት ገብቶ ጥላ ሥር ተቀመጠ። አብራር ሁለቱን በወዳጅነታቸው ጊዜ ያውቃቸዋልና ሻዩን እያኖረ ያቺ እህትህ ደህና ናት ወይ ሲል ጠየቀው። ደህና ናት አለ ታጁ። ስኳሩን ሲያማስል ሲያማስል ሻዩ ቀዘቀዘ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የሚነቅዝ ዝምታ ያላዩ ናቸው። ደረቱ ውስጥ አንድ ነገር ይቆረቁመዋል። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ታጁ ሠርካዲስ እንድትወድቅ አይፈልግም ነበር። የፈለገው ቀድማ እንድታናግረው ብቻ ነበር፤ ለዚያ ሲል ግን ምን ያህል እንደሚያስከፍላት እያወቀ ቁጭ ብሎ ሻይ ያማስላል።

ኑራ ደወለች። ሰላምታም አልሰጠችውም፣ ነገርካት ወይ አለችው። እነግራታለሁ አላት። እሷም፣ ስሟን ከጠራህ ዓመት አልፎሃል፣ ከስሟ ጀምር፣ ሌላው ይከተላል ብላ ዘጋች። ታጁ ሻዩን ሳይጨርስ ተነሳ። መንገዱን እየተሻገረ ቃሉን ተለማመደ፤ ጠርሙሱ የኔ ነው ልበል? ተሳስተሻል ልበል? እንደዚህ ካልኩ አጠፋሁ ማለቴ ነው፣ እንደዚያ ካልኩ ደግሞ መውቀሴ ነው እያለ። አንድ ባጃጅ ሊገጨው ሲል ሹፌሩ ሰድቦት አለፈ። በመጨረሻ ዝም ብዬ ስሟን እጠራለሁ ብሎ ቆረጠ።

ሲገባ ሠርካዲስ ሽፋኗን አጥባ፣ አዲስ ሳህን ላይ አድርጋ፣ ከዚያው ጠርሙስ በቀዳችው ውሃ የተበረዘችውን የመጨረሻዋን የአንቲቦዲ ጠብታ በፒፔት ስባ ይዛ ነበር። ክንዷ ተዘርግቷል።

«ሠርካዲስ» አላት።

እጇ አየር ላይ ቆመች። አልዞረችም፤ ግን ትከሻዋ ከፍ ብሎ ቀረ። ለአንድ አፍታ ታጁ የምትዞር መሰለው። ራሷም ሳይመስላት አልቀረም።

«ጠርሙሱ እኮ...» ብሎ ሊቀጥል ሲል ዞረች። የዞረችው ግን ወደ እሱ አልነበረም። የኑራን ባዶ ወንበር፣ ሰው የተቀመጠበት ይመስል፣ ትክ ብላ አየችው።

«እትዬ ኑራ አልመጣችም» አለች ለወንበሩ። «የሚናገረው ነገር ያለው ሰው እሷን ይጠብቅ።»

ጆሮ ዳባ ልበስ አለች ማለት ነው። የታጁ ደም ጭንቅላቱ ላይ ወጣ። እሱ ኩራቱን አስፋልት ዳር ጥሎ፣ ስሟን ጠርቶ መጥቶ፣ ከወንበር አሳንሳ ታየዋለች? ያኔም ጊዜ ነበረው። ፒፔቷ ገና ሙሉ ናት፤ ቃሏ አጭር ናት፤ ከበሩ ላይ ቆሞ ወተት ነው ብሎ ቢጮህ ይበቃ ነበር። እንግዲያው ጠጪው አለ በልቡ። አፉንም ዘጋ።

ሠርካዲስ አውራ ጣቷን ተጫነችው። ጠብታዋ ሽፋኗ ላይ ወረደች፣ ተንሸራተተች፣ ተሰራጨች። እልህ ምላጭ ያስውጣል ይባላል፤ ታጁ ያን ዕለት ምላጩን ዋጠ፣ የተቆረጠው ግን የሌላ ሰው ጉሮሮ ነው። ከዚያ በኋላ በየጠረጴዛቸው ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠው ዋሉ። ዙህር ደርሶ ታጁ ሊሰግድ ወጣ፤ ሰግዶም ልቡ አላረፈም፣ ምን ብሎ ዱዓ እንደሚያደርግ ጠፋው።

ከሰዓት በኋላ ሠርካዲስ ሽፋኗን ወደ ካሜራው ወሰደች። እንደ ፈተና ውጤት ጠባቂ ጣቶቿን ታቆላልፋለች። በአዋሽ የቀትር ደም ላይ መንገደኛው ገብቶ ከሆነ፣ በኒውክለሱ ረድፍ አንዲት ጥቁር መስመር ትታያለች፤ በውጩ ረድፍ አትታይም። ስንት ዓመት የለፋችው ለዚያች መስመር ነው። ስክሪኑ በራ።

መስመር አልነበረም። ረድፍም አልነበረም። ሽፋኗ ከዳር እስከ ዳር ጠቁራለች። የገባው፣ ያልገባው፣ ግመሉ፣ ቀትሩ፣ ሁሉም በአንድ ጥቁረት ተውጧል።

ሠርካዲስ አልጮኸችም። ቀስ ብላ ተቀመጠች። በደንብ አላጠብኩት ይሆን ብላ አሰበች፣ አጥባዋለች። ፊቷ ላይ ሐሳቧ ሲሄድ ይታያል፤ ከሳህኑ ወደ ብልቃጡ፣ ከብልቃጡ ወደ ጠርሙሱ። ተነስታ ጠርሙሱን ከፈተችና አሸተተችው። ክፍሉ ሁልጊዜ እንደሚሸተው ሸተታት። ከዚያ አንድ እርምጃ ስትራመድ ጫማዋ ወለሉን ያዝ አደረገው፤ ቀኑን ሙሉ ያዝ ሲያደርገው ነበር። ጎንበስ ብላ ከተረከዟ ሥር ፕላስተሩን ላጠችው። በጣቷ ዘርግታ አነበበችው።

ዞራ ታጁን አየችው። ወንበሩን ሳይሆን እሱን።

«የእጅህ ጽሕፈት ነው» አለችው።

«ልነግርሽ ነበር» አለ ታጁ። ቆሟል፤ መቼ እንደተነሳ አያውቅም። «ስምሽን ጠርቼሽ ነበር።»

«ሰምቼሃለሁ።»

ይህን ስትል ዓይኗ ሳታስበው የኑራ ወንበር ላይ አረፈና ተመለሰ። ታጁም አየው። እሷም የድርሻዋን ታውቃለች፤ ከዚያ ወዲያ ባሉት ቀኖች ሁሉ ከዚህ ወንበር ጋር ነው የምትተኛውና የምትነሳው። ግን ለእሱ የምትተውለት አልነበረም።

«ስሜን ጠራህ» አለችው። «የጠርሙሱን ስም ግን አልጠራህም።»

እውነተኛው አልቡሚን ከኋላ አለ ሊላት ፈለገና ምን ዋጋ አለው ብሎ ተወው። ሠርካዲስ ፕላስተሩን በጠርሙሱ ላይ፣ በቀድሞው ቦታው መልሳ ለጠፈችው። እንዳይነሳ በአውራ ጣቷ አጥብቃ ተጫነችው፣ አራት ማዕዘኑን እየዞረች፣ ሳትቸኩል። ጠርሙሱን የታጁ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችለትና ጋዋኗን አውልቃ ወጣች።

ኑራ ከለቅሶ ስትመለስ ሠርካዲስ ዕቃዋን በካርቶን እያደረገች አገኘቻት። የሆነውን ሰው ሳይነግራት ከሁለቱ ፊት አነበበችው። ታጁ ጥጉ ላይ ሆኖ መሬት መሬት ያያል። ኑራ እንደ ልማዷ በመካከላቸው ቆመችና፣ «ምን ልበልልሽ?» አለቻት።

«ምንም» አለች ሠርካዲስ። «ራሴ ነግሬዋለሁ።»

ወሩ ሲያልቅ ስሟ ተሰረዘ። አዋሽ ወርዳ፣ ደሙን በለየችበት በዚያው የእንስሳት ክሊኒክ ሥራ አገኘች ተባለ፤ ለግመልና ለፍየል ክትባት ትሰጣለች አሉ። ኬላው አጠገብ ነው ክሊኒኩ፤ ወደ ሰመራ የሚያልፈው መኪና ሁሉ ደጇ ላይ ይቆማል፣ ወረቀቱን ያሳያል፣ ይሄዳል። ሠርካዲስ ያችው ሠርካዲስ ናት፤ አልተጨመረባትም፣ አልተቀነሰባትም። ነገሩ የት እንዳለች ነው።

ታጁ ደወለላት፤ አላነሳችም። ደጋግሞ ደወለ፤ ቁጥሩ ተዘጋ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ኑራ ጠርሙሶች ስታጥብ፣ ከጠረጴዛው ቀና ሳይል ጠራት።

«እትዬ ኑራ፣ የጥጡንም፣ የጠርሙሱንም... ይቅርታ ብሏል በይልኝ» አላት።

ኑራ ከስንት ጊዜ ልማድ የተነሳ እጇን በሽርጧ ጠረግ አድርጋ ወደ ሠርካዲስ ጠረጴዛ ዞረች። ወንበሩ ባዶ ነበር።

«ይቅርታ ብሏል» አለች ለወንበሩ፤ ከዚያ ወደ ጠርሙሶቿ ተመለሰች።